የሌብል ኃላፊ ነኝ የሚል ሰው ያለፈ ስራውን እንዴት ነው ሚጣራው?

ታላቅየው፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። ታናሽ እህቴ ዘፋኝ ናት። ራሷ በራሷ ሶስት ነጠላ ዜማ ለቃ ቀስ በቀስ አድማጭ እያገኘች ነው፣ እና ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሰውዬ ኢሜይል ጻፈላት፣ አዲስ ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) እያቋቋመ ነው፣ የመጀመሪያ አርቲስቱ እሷ እንድትሆንለት ነው ሚፈልገው፣ ኮንትራቱ ደሞ የአምስት አልበም ነው። ከኢሜይሉ ጋር ሁለት ገጽ ፒዲኤፍ አያይዟል፣ የራሱን የስራ ታሪክ።

ፒዲኤፉ ላይ ያለውን ልገልብጥላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፦ "ከ20 ዓመት በላይ በሙዚቃ ኢንዱስትሪ"፣ "ከ2009 እስከ 2012 የሶኒ ቢኤምጂ የኤ ኤንድ አር ኃላፊ" (ዘፈንና ፕሮዲውሰር ሚመርጠው ክፍል ነው)፣ "ከበርካታ ባለ ፕላቲነም አርቲስቶች ጋር የሰራ"፣ "ለግራሚ የታጨ ፕሮጀክት ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር"፣ "ለንደን የሚገኝ የሚዲያ ኩባንያ መስራችና ዳይሬክተር"። ፎቶም አለው፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ከጀርባው ግድግዳው ላይ አራት የወርቅና የፕላቲነም ፍሬም ተሰቅሏል፣ አጉልቼ ላነበው ሞክሬ ጽሁፉ አይታይም።

እሷ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጥታለች፣ እኔ ደሞ በሌላ ምክንያት። ስሙን ጉግል ሳደርገው ሚመጣልኝ ሊንክዲኑ፣ የራሱ ዌብሳይትና አምስት ስድስት ድረገጽ ላይ የወጣ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ቃለ መጠይቆቹን ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነባቸው ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ሁሉም ላይ ቃል በቃል አንድ ነው፣ የፒዲኤፉ አንቀጽ። ስድስት ቦታ ያገኘሁት መስሎኝ ለካ አንድ ቦታ ነው ያገኘሁት።

ሰውዬውን ሌባ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመርም አትጠይቁኝ፣ እስካሁን ምንም ጥፋት አላገኘሁበትም። ማወቅ ምፈልገው ማንም ሰው ሊያየው ከሚችል መረጃ ተነስቶ የሰው የስራ ታሪክ እንዴት እንደሚጣራ ነው፣ የቱ ይታመናል የቱ አይታመንም፣ ከየት ነው ሚጀመረው። መልስ እንድትሰጠው ከሶስት ቀን በፊት 10 ቀን ሰጥቷታል።

ክሬዲት ክፍል፦

ወንድሜ ስሙን ባለመጻፍህ አመሰግንሃለሁ፣ እንደዛው ቀጥልበት። እኔ 11 ዓመት አንድ ሌብል ውስጥ ክሬዲት ሚመዘገብበት ክፍል ሰርቻለሁ፣ አልበም ከመውጣቱ በፊት ማን ምን ሰራ የሚለውን አጣርቶ መጻፍ ነበር ስራዬ፣ ስለዚህ እንዲህ አይነት ባዮ (የስራ ታሪክ ጽሁፍ) ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወረቀት አውጣና ዓመት ብቻ ጻፍ። ማዕረጉን ተወው፣ የአርቲስቶቹን ስም ተወው፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት እዚህ ነበረ የሚለውን ብቻ በመስመር በመስመር አስቀምጥ። ማዕረግ እንደፈለጉ ይሳባል፣ ዓመት ግን ከሌላ ሰው መዝገብ ጋር ይጋጫል። ያንተኑ ሰውዬ ተመልከት። ሶኒ ቢኤምጂ እኮ በ2004 የሶኒና የጀርመኑ ቤርትልስማን የሙዚቃ ክፍሎች ተዋህደው የተፈጠረ ድርጅት ነው፣ በ2008 ሶኒ የቤርትልስማንን ድርሻ ገዝቶ ጠቀለለውና ስሙ ሶኒ ሚውዚክ ኢንተርቴይንመንት ሆነ። በ2010 ሶኒ ቢኤምጂ የሚባል መስሪያ ቤት አልነበረም። ግን ቶሎ ውሸታም እንዳትለው፣ ቤርትልስማን ድርሻውን ከሸጠ በኋላ በዛው በ2008 ቢኤምጂ የሚል ሌላ አዲስ ኩባንያ በሙዚቃ መብት አስተዳደር ጀምሯል፣ እና ሰውዬው ወይ እዛ ነበረ፣ ወይ ሶኒ ሆኖ በድሮ ስሙ ጠራው፣ ወይ ከነሱ ውጪ ሆኖ ለነሱ ሚሰራ ድርጅት ውስጥ ነበረ፣ ወይ የትም አልነበረም። አራቱ በጣም የተለያየ ነገር ነው። ጠይቀው፣ በጽሁፍ፣ በትህትና፣ "የትኛው ኩባንያ ነው፣ አለቃህ ማን ነበር" ብለህ።

እንዲህ አይነት የስም መገለባበጥ የኛ ሙያ ውስጥ ሞልቷል። ኢኤምአይ የሚባለው ኩባንያ በ2012 የቀረጻ ስራው ለዩኒቨርሳል ተሸጠ፣ ፓርሎፎን የሚባለው ሌብሉ ደሞ በ2013 ተነጥሎ ወደ ዋርነር ሄደ። አሪስታ የሚባለው ሌብል በ2011 ተዘግቶ እንደገና ስራ የጀመረው በ2018 ነው፣ ስለዚህ በ2014 አሪስታ ውስጥ ነበርኩ ሚል ሰው ካጋጠመህ ማብራሪያ ይኖርበታል። በቦታው የነበረ ሰው እነዚህን ቀኖች አይስታቸውም፣ ወንበሩ የተነሳበትን ቀን ማን ይረሳል።

ቀጥሎ ሹመቱ በጊዜው ተዘግቦ እንደሆነ ፈልግ። ዛሬ ስለ 2009 የተጻፈ ሳይሆን በ2009 የተጻፈ ማለቴ ነው። ቢልቦርድ ኤክስኪዩቲቭ ተርንቴብል የሚባል አምድ ነበረው፣ ማን የት ተቀጠረ፣ ማን አደገ፣ ማን ለቀቀ እያለ ሚዘረዝር፣ የድሮ እትሞቹ ጉግል ቡክስ ላይ ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው በነጻ ይነበባሉ። የእንግሊዝን ሙዚክ ዊክ ይዘግባል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የነበረ ሰው ላይዘገብ ይችላል፣ የኤ ኤንድ አር ኃላፊ ሲሾም ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ሁለት መስመር አይጠፋም። የራሱንም ዌብሳይት ድሮ ምን ይል እንደነበረ ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረገጾችን ቅጂ ሚያስቀምጥ ድረገጽ) ላይ ገብተህ እይ፣ በ2013 "ማርኬቲንግ" ይል የነበረው ዛሬ "ኤ ኤንድ አር" ሆኖ ካገኘኸው የት እንደተቀየረ በዓይንህ ታያለህ።

እውነተኛ የስራ ታሪክ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግክ የሌብል ኃላፊዋን የሲልቪያ ሮንን ተከተል። በ1974 ቡዳህ ሪከርድስ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ነው የጀመረችው፣ በ1994 የኤሌክትራ ሊቀመንበርና ዋና ስራ አስፈጻሚ ሆነች፣ በ2019 የኤፒክ። መሀል ላይ ያለው እያንዳንዱ እርከን በጊዜው ተጽፏል፣ ትንሹም ጭምር። ትንሹን ስራ ሚደብቅ ባዮ ሳይ ሁሌም ይከነክነኛል።

አሁን ዋናው። "ከ እገሌ ጋር የሰራ" ሚለው አባባል። እኔ በዚህ አባባል ነው ሚያመኝ፣ ምክንያቱም ምንም ነገር ሊሆን ይችላል። ዲስኮግስ የሚባል የአልበም መዝገብ ድረገጽ ላይ ግባና አልበሙን ፈልግ፣ ዲስኮግስን ሚሞሉት ተጠቃሚዎች ናቸው ስለዚህ የተጻፈውን ብቻ አትመን፣ ግን ብዙ ጊዜ የሲዲውን ቡክሌት ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፣ ያንን ፎቶ ክፈተው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በጣም ደቃቅ ፊደል አለ፣ እዛ ውስጥ ኤ ኤንድ አር፣ የኤ ኤንድ አር ኮኦርዲኔተር፣ ፕሮዳክት ማናጀር፣ ማርኬቲንግ፣ የህግ ክፍል፣ የሽፋን ዲዛይን እያለ ይወርዳል፣ ከዛ በታች ደሞ ረጅም የምስጋና ዝርዝር። ስሙ የቱ ጋ ነው ያለው? ኤ ኤንድ አር ማለት ዘፈን ሚመርጥ፣ ፕሮዲውሰር ሚያገናኝ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ድጋሚ ቅረጹት ሚል ሰው ነው። ፕሮዳክት ማናጀር ደሞ አልበሙ ካለቀ በኋላ የሚወጣበትን መንገድ ሚያቅድ ነው፣ ትልቅ ስራ ነው ግን ሌላ ስራ ነው። ምስጋና ላይ ብቻ ከሆነ ያለው... አንድ ሰው አውቃለሁ፣ 15 አርቲስት ዘርዝሮ "አብሬ የሰራሁ" ሲል ዘጠኙ ላይ ያገኘሁት ምስጋና ላይ ነው፣ ሶስቱ ላይ ጭራሽ የለም።

ኤክስኪዩቲቭ ፕሮዲውሰርም እንደዛው ነው። ሙዚቃውን የሰራ ሊሆን ይችላል፣ ገንዘብ ያወጣ ሊሆን ይችላል፣ የአርቲስቱ ማናጀር ስለሆነ በኮንትራት ስሙ የገባ ሊሆን ይችላል። ምን አደረግክ ብለህ ጠይቅ እንጂ ማዕረጉን አትመዝን።

ፕላቲነም ካለህ የየት ሀገር ፕላቲነም በለው። አሜሪካ አርአይኤኤ (የሌብሎች ማህበሩ) ጎልድ ሚሰጠው ለ500,000 ቅጂ ነው፣ ፕላቲነም ለ1 ሚሊየን፣ ዳይመንድ ለ10 ሚሊየን። እንግሊዝ ቢፒአይ (የነሱ ማህበር) ጋ ግን አልበም በ300,000 ፕላቲነም ይሆናል፣ ነጠላ ዜማ በ600,000። አርአይኤኤ ከ2016 ጀምሮ ደሞ 1,500 ስትሪም እንደ አንድ አልበም እየቆጠረ ነው፣ ስለዚህ የ1990ዎቹ ፕላቲነምና የዛሬው በአንድ አይነት መንገድ አልመጡም። ሁለቱም ዌብሳይታቸው ላይ በአርቲስት ስም ይፈለጋል፣ ሰርተፊኬቱ የተሰጠበት ቀንም አለ፣ ያንን ቀን ከሰውዬው ዓመት ጋር አስተያየው። አሜሪካ ላይ ሰርተፊኬት ሌብሉ ጠይቆ ሚያወጣው ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት አልተሸጠም ማለት አይደለም፣ ይሄንንም ያዝ። ፍሬሞቹን በተመለከተ ግን ምንም ዋጋ አትስጣቸው፣ አንድ አልበም ፕላቲነም ሲሆን ፍሬሙ ለሬዲዮ ሰው፣ ለማርኬቲንግ ሰው፣ ለጠበቃው ሁሉ ይታደላል። እኔም አንድ አለኝ፣ እዛ አልበም ላይ የሰራሁት ስም ማረም ነው።

ግራሚ ደሞ የአካዳሚው ዌብሳይት ላይ የታጩትም ያሸነፉትም ዝርዝር አለ። "የታጨ" ማለት የመጨረሻው እጩ ዝርዝር ውስጥ የገባ ነው። ለውድድር ማስገባት ሌላ ነገር ነው፣ በየዓመቱ ሺዎች ያስገባሉ።

ሶስተኛ ኦክታቭ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ እኔ የፈረምኩለት ሰው ባዮ እውነት ነበር። እያንዳንዱ መስመር። ሹመቱ ተዘግቧል፣ ክሬዲቱ አለ፣ አልበሞቹ ተሸጠዋል። አራት ዓመት አብሬው ቆየሁ፣ የሮያሊቲ (ከሽያጩ ሚደርሰኝ ድርሻ) ሂሳብ በየስድስት ወሩ ይላካል ይላል ኮንትራቱ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የደረሰኝ አንድ ነው፣ እሱም ስምንት መስመር ያለው ኤክሴል፣ ከታች ያለው ድምር ከላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር አይገጥምም። ስደውልለት "አካውንታንቱ እያየው ነው" ነበር መልሱ፣ ሁልጊዜ በጨዋ ድምፅ። ድምፄን ሳላጣ ከዛ መውጣቴን ነው ማመሰግነው። ስለዚህ ታላቅየው፣ ሰውዬው ያለውን መሆኑን ስታረጋግጥ ግማሽ መንገድ ነው የሄድከው።

የሉ ፐርልማንን ታሪክ አንብብ። ባክስትሪት ቦይስንም ኤን ሲንክንም የሚባሉትን የዘፋኝ ቡድኖች ያቋቋመ ሰው ነው፣ ስኬቱ የአደባባይ ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ኢንቨስተር ሚያሳምንበት የአየር መንገድ ኩባንያ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር፣ ሂሳቡን መረመረ የተባለው የኦዲት ድርጅትም የፈጠራ ነበር። ከ300 ሚሊየን ዶላር በላይ ሰው አጭበርብሮ በ2008 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት፣ በ2016 እስር ላይ እያለ ሞተ። ልብ ብለህ እይልኝ ግን፣ ባክስትሪት ቦይስ የከሰሱት በ1998 ነው። ኮንትራቱ ላይ ራሱን እንደ ስድስተኛ አባል አስገብቶ ከነሱ ድርሻ እኩል ይወስድ እንደነበር ያኔውኑ ወጥቷል። ኤን ሲንክም ተከትለው ተጣልተውት ወጡ። ማለትም ከመታሰሩ ከስምንት ዘጠኝ ዓመት በፊት አብረውት የሰሩት ልጆች በአደባባይ ተናግረው ነበር።

ስለዚህ የሰራላቸውን አርቲስቶች ፈልግ። የታወቁትን አይደለም፣ እነሱ አይመልሱልህም ቢመልሱም ጥሩ ተደርጎላቸዋል። ሁለተኛ አልበም ሳያወጡ የቀሩትን ፈልግ፣ ኮንትራታቸው ያለቀውን። "ሰውዬው እንዴት ነው" ብለህ አትጠይቅ፣ ሁሉም "ጥሩ ነው" ይልሃል። "የሂሳብ መግለጫ በሰዓቱ ይደርሳችሁ ነበር ወይ፣ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) አሁን በማን እጅ ነው፣ ስትለያዩ ስንት ጊዜ ፈጀ" በል። ሶስት ጥያቄ ይበቃል።

ፋይል ፈታሽ፦

እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ አካውንታንት ነኝ፣ ግን ለንደን ኩባንያ አለው ስላልክ ቀላል ነው። ካምፓኒስ ሀውስ (የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ) ዌብሳይት ላይ ግባ፣ ነጻ ነው፣ በሰው ስም ፈልገው። ዳይሬክተር የሆነባቸው ኩባንያዎች በሙሉ፣ የተሾመበትና የለቀቀበት ቀን፣ ኩባንያው በህይወት ይኑር ይፍረስ፣ ዓመታዊ ሂሳቡን በጊዜው አስገብቶ እንደሆነ ሁሉም እዛው አለ። ከዳይሬክተርነት የታገዱ ሰዎች መዝገብም አለ፣ እገዳ ከ2 እስከ 15 ዓመት ነው ሚሆነው፣ እሱንም ለብቻው ፈልግ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ "ማርኬቲንግ ዳይሬክተር" የሚባል ተቀጣሪ እዛ መዝገብ ላይ አይገኝም፣ ያ የስራ መደብ ስም ነው እንጂ ህጋዊ ዳይሬክተር አይደለም፣ ስለዚህ ተቀጥሬ ሰራሁ ላለው ጊዜ ስሙን አጣሁት ብለህ እንዳትደመድም። መስራችና ዳይሬክተር ነኝ ላለው ግን መኖር አለበት።

የፈረሰ ኩባንያ ብታገኝም አትደንግጥ፣ በናንተ ሙያ ለአንድ ፕሮጀክት ኩባንያ ከፍቶ መዝጋት የተለመደ ይመስለኛል። እኔን ሚያሳስበኝ ሂሳብ ሳያስገባ ቆይቶ ራሱ መንግስት ከመዝገብ የሰረዘው፣ ከዛ በሶስት ወሩ ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ የተከፈተ፣ እሱም እንደገና የተሰረዘ፣ እንደዛ ሲደጋገም ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት ፋይል ፔሰር የሚባል ድረገጽ ላይ አለ፣ በከፊል ደሞ ኮርትሊስነር የሚባል ላይ በነጻ ታገኛለህ። ፔሰር ግን የፌዴራል ብቻ ነው፣ የአርቲስትና የማናጀር የኮንትራት ጸብ ብዙ ጊዜ ሚሄደው ወደ ስቴት ፍርድ ቤት ነው፣ ስለዚህ ባዶ ከሆነ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ክስ ካገኘህም የከሳሹን ወረቀት ብቻ አንብበህ አትነሳ፣ መልሱንና መጨረሻውን አንብብ።

እና ስም። ስም ላይ በጣም ተጠንቀቅ። አንዴ ለአንድ ደንበኛ ሳጣራ የኪሳራ ውሳኔ አገኘሁበትና ሪፖርት ልጽፍ ስል የትውልድ ወሩና ዓመቱ አልገጥም አለኝ፣ ካምፓኒስ ሀውስ ወርና ዓመት ያወጣል፣ ሌላ ሰው ነበር፣ ሞክሼ። ያንን ወረቀት ልኬው ቢሆን የሰው እንጀራ እዘጋ ነበር። ሁለት ነገር ሳይገጥምልህ፣ ማለትም ስምና ኩባንያ፣ ወይ ስምና የትውልድ ዓመት፣ እሱ ነው አትበል። ቤተሰቡን፣ መኖሪያ ቤቱን፣ የልጆቹን ፎቶ ደሞ ጭራሽ አትንካ፣ ያ ከስራ ታሪኩ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ባለ ጊታር፦

ሰው አንድ ጊዜ ተበላሽቶበታል ተብሎ ለዘላለም አይጣልም ግን። ክላይቭ ዴቪስን በ1973 ሲቢኤስ የድርጅቱን ገንዘብ ለግል ጉዳይ አውጥቷል ብሎ ከኮሎምቢያ ሪከርድስ ፕሬዝዳንትነት አባሮት ከስሶታል። ሰውዬው ወጥቶ አሪስታን አቋቋመ፣ በ2000 ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ያኔ አንድ ዘፋኝ መዝገቡን አይቶ "ከዚህ ሰው ጋር አልሰራም" ቢል ኖሮ ብዙ ያመልጠው ነበር። እኔ ምመክረው ያገኘኸውን መጥፎ ነገር ይዘህ ሂድና ፊት ለፊት ጠይቀው፣ ሲመልስ ምን እንደሚመስል እይ። ያለፈውን ሳይሆን ስለ ያለፈው እንዴት እንደሚያወራ ነው እኔ ምመዝነው።

ሶስተኛ ኦክታቭ፦

ባለ ጊታር እስማማለሁ ግን በአፍ አይሆንም፣ በጽሁፍ ይመልስ። የኔው ሰውዬ በአፍ ሲያወራ ማንም አያክለውም ነበር።

ታላቅየው፦

ይቅርታ ዘገየሁ፣ አምስት ቀን ሙሉ እሱን ስሰራ ነበር። ያገኘሁትን እንዳለ ልንገራችሁ።

ዓመቱን በመስመር ጻፍኩት። ከ2004 እስከ 2009 ያለው አምስት ዓመት ባዶ ነው፣ ፒዲኤፉ ላይ "20 ዓመት" ብሎ ዘሎታል። ሶኒ ቢኤምጂን በኢሜይል ጠየቅኩት፣ በእህቴ ስም ሳይሆን በራሴ ስም፣ ወንድሟ ነኝ ብዬ። በማግስቱ መለሰ። ተቀጣሪ አልነበረም፣ ከሶኒ ውጪ ሆኖ ለሶኒ ሚሰራ የማርኬቲንግ ድርጅት ውስጥ ነበር፣ ሶስት ዓመት። ኤ ኤንድ አር ሚለውን ባዮውን የጻፈለት ሰው ነው የጨመረው አለ፣ እሱም አይቶ ዝም ማለቱ ጥፋቱ እንደሆነ ጽፏል። ባዶው አምስት ዓመት ደሞ ሱቅ ውስጥ ሲዲ ሲሸጥ የነበረበት ነው። እውነቱን ለመናገር ያንን ሳነብ ለሰውዬው ያለኝ ግምት ከፍ አለ፣ ለምን እንደደበቀው አልገባኝም።

ዲስኮግስ ላይ ከጠቀሳቸው አልበሞች የአራቱን ቡክሌት አገኘሁ። ሌሊት ስልኬን እያጎላሁ ሳነብ አንዱ ላይ ስሙን አየሁት፣ ከታች ከቀኝ በኩል፣ ማርኬቲንግ ሚለው ስር ሶስተኛ ስም ሆኖ። ክሬዲት ክፍል እንዳልከው ነው፣ እኔ በህይወቴ ያንን ገጽ አንብቤ አላውቅም ነበር። ሁለቱ ላይ ምስጋና ውስጥ አለ፣ አንዱ ላይ የለም። አልበሙ አርአይኤኤ ጋ ፕላቲነም ነው፣ ቀኑም ከሱ ዓመት ጋር ይገጥማል። ግራሚው አይገጥምም፣ ፕሮጀክቱ የታጩት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ለውድድር ገብቶ ነበር ነው ሚለው።

ካምፓኒስ ሀውስ ላይ ሁለት ኩባንያ አለው፣ አንዱ ራሱ አመልክቶ የዘጋው፣ አንዱ ያለ፣ ሂሳቡ በጊዜው ገብቷል። የታገዱት ውስጥ የለም። ሶስት አርቲስት ጋ ጻፍኩ፣ ሁለቱ መለሱ። አንዷ ሂሳቡ እየዘገየ ግን ይመጣል፣ ተከራክሬውም ሰምቶኛል አለች። ሌላው ያለው ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ "ዘፈንህን እንዴት እንደሚያስተካክል አያውቅም፣ ካለቀ በኋላ ግን ማንም እሱን አያክለውም" ነው ያለኝ።

እና አሁን ግራ የገባኝ ይሄ ነው፣ ሰውዬው ሌባ አይደለም፣ ያለውም አይደለም። ምን ይባላል ይሄ?

ክሬዲት ክፍል፦

ጥሩ የማርኬቲንግ ሰው ይባላል ወንድሜ። ባዮው ላይ ራሱን ሌላ ሰው ያደረገ ጥሩ የማርኬቲንግ ሰው። ጥያቄው እህትህ ምን ያስፈልጋታል ነው። ዘፈኗን ራሷ ጨርሳ መስራት ከቻለች ወይ ጥሩ ፕሮዲውሰር ካላት፣ ይሄ ሰው ሊጠቅማት ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ አጠገቧ ቆሞ ሚመራት ሰው ፈልጋ ከሆነ ግን እሱ አይደለም፣ እሱም ነኝ ባይል ይሻለው ነበር።

ኮንትራቱ ግን ካገኘኸው ሰው ጋር ይመጣጠን። አምስት አልበም ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቁርጥ ነው፣ አራቱ የሌብሉ ምርጫ ነው፣ እሱ ሲፈልግ ይቀጥላል፣ እሷ ግን ስትፈልግ መውጣት አትችልም። ለማርኬቲንግ ስራ አምስት አልበም አይሰጥም። አንድ ኢፒ (አጭር አልበም) ትስጠው። ማስተሩ የሷ ሆኖ ለተወሰነ ዓመት ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) ታድርግለት። የሂሳብ መግለጫ በየስድስት ወሩ፣ ሂሳቡን በራሷ ባለሙያ የማስመርመር መብት ይጻፍ። እና ኪ ማን የሚባለውን አንቀጽ አትርሱ፣ እሱ ከሌብሉ ከወጣ ወይ ሌብሉን ከሸጠ እሷም መውጣት ትችላለች ሚል፣ ምክንያቱም እስካሁን ያጣራኸው እሱን ነው፣ ነገ ሌብሉን ሚገዛውን ሰው አላጣራህም።

ሶስተኛ ኦክታቭ፦

የሰውዬውን ኢሜይል አስቀምጠው፣ ያንን "ጥፋቴ ነው" ያለበትን። ልትከስበት አይደለም፣ የተስተካከለውን የስራ ታሪክ ራሱ በጽሁፍ የሰጠበት ስለሆነ ነው። እህትህ ራሷም ታንብበው፣ አንተ ነግረሃት ሳይሆን ራሷ። አብራው ምትሰራው እሷ ናት።

ፋይል ፈታሽ፦

ያለው ኩባንያ ስምና ኮንትራቱ ላይ ያለው ፈራሚ ድርጅት ስም አንድ መሆኑን አይታችኋል? ቁጥሩንም አስተያዩ፣ ስሙን ብቻ አይደለም።

ታላቅየው፦

ፋይል ፈታሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ አልነበረም። ኮንትራቱ ላይ ያለው ገና ያልተመዘገበ ስም ነው፣ አዲሱ ሌብል ነው፣ እስኪመዘገብ አትፈርምም አልኩት፣ ልክ ነህ አለ።

ኢሜይሉን ለእህቴ ሰጠኋት፣ ለብቻዋ ክፍሏ ገብታ አነበበችው፣ ስትወጣ "ሲዲ ሲሸጥ የነበረበትን ለምን ደበቀው፣ እኔ እኮ እሱን ነበር ምወደው" አለች። ከዛ ራሷ ቁጭ ብላ መልስ ጻፈችለት፦ አንድ ኢፒ፣ ማስተሩ የሷ፣ ሶስት ዓመት ላይሰንስ፣ የሂሳብ ምርመራ መብት፣ ኪ ማን። ትላንት ማታ መለሰ፣ ከአምስቱ አራቱን ተቀብሎ ሶስቱ ዓመት አምስት ይሁን ብሏል፣ የታረመ ፒዲኤፍም ልኳል፣ ግራሚው ወጥቷል፣ 2009 ላይ የማርኬቲንግ ድርጅቱ ስም ገብቷል። ሰኞ ጠበቃ ጋ ይዘነው እንሄዳለን።